ዲመሩ ይቆይሽ

ልጄ፣ የሳሎኑ ቬንትሌተር መብራት ማታ ዓይን ይወጋል፣ ብርሃኑን የሚያደበዝዝ ዲመር ልግጠምለት ስትዪኝ በስልክ «ቀላል ነው» ብዬሽ ነበር። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ የራሴ ነገር ትዝ አለኝና እንቅልፍ ነሳኝ።

ያደግኩት ድሬዳዋ ነው። ለሙቀቱ ኮርኒስ ላይ ቬንትሌተር፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ቁጥር ያለው መቆጣጠሪያ አለ፤ ስታዞሪው ክንፉ ይፈጥናል ወይ ይዘገያል። ሜሪላንድ መጥቼ ዲመር የሚሉትን ባይ መልኩ ያው ነው። ገዛሁና በተከራየሁት አፓርታማ ቬንትሌተሩንም መብራቱንም አንድ ላይ በሚያበራው ማብሪያ ማጥፊያ ቦታ ገጠምኩት። መብራቱ ልክ እንዳሰብኩት ለዘብ አለ። ቬንትሌተሩ ግን ጣሳ ውስጥ እንደገባ ንብ ያጉረመርም ጀመር። ወንበር ላይ ወጥቼ የሞተሩን ሽፋን ብነካው እጄን ፈጀኝ። የመብራት ዲመር ኤሌክትሪኩን በሰከንድ 120 ጊዜ እየቆራረጠ ነው የሚያሳልፈው። አምፖል ይህን ይችለዋል፤ ሞተር ግን ያቃስታል፣ ይግላል።

ስለዚህ መደብር ከመሄድሽ በፊት አንድ ነገር አጣሪ፤ ሞተሩና መብራቱ አንድ ሽቦ ይጋራሉ ወይስ ለየብቻ ይመጣላቸዋል? ግድግዳሽ ላይ አንዱ ለክንፉ፣ አንዱ ለመብራቱ ሁለት ማብሪያ ማጥፊያ ካለ ዕድለኛ ነሽ፤ የመብራቱን ብቻ አውጥቶ በዲመር መተካት ነው። ቬንትሌተሩ ራሱ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ጥቁሩ ሽቦ የሞተሩ፣ ሰማያዊው የመብራቱ ነው። ለሁለቱም ያለሽ አንድ ማብሪያ ብቻ ከሆነ ግን ዲመሩን እርሺው። ወይ ተጨማሪ ሽቦ በግድግዳው ውስጥ ይሳባል፣ ወይ ከቬንትሌተሩ ጋር የሚስማማ በሪሞት የሚሠራ መቆጣጠሪያ ኮርኒሱ ሥር ይገባል። ሁለተኛው ይረክሳል፤ እኔም እሱን እመርጣለሁ። ቬንትሌተርሽ ቀድሞውኑ በሪሞት የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ግድግዳው ላይ ዲመር አይደረግም፤ ሪሞቱ ላይ የማደብዘዣ ቁልፍ እንዳለ ፈልጊ።

አምፖሉንም እዪ። ካርቶኑ ላይ ከዲመር ጋር እንደሚሠራ ያልተጻፈበት ኤልኢዲ ይርገበገባል፣ ዕድሜውም ያጥራል። አራት ባለ 9 ዋት አምፖል ቢደመር 36 ዋት ነው፤ ለድሮው ባለክር አምፖል የተሠራ የ600 ዋት ዲመር እንዲህ ላለ ትንሽ ጭነት አይመችም። ለኤልኢዲ የተሠራውን ግዢ። ከቬንትሌተሩ የተንጠለጠለችውን ሰንሰለት ስበሽ መብራቱን ካጠፋሽ በኋላ «ዲመሩ አልሠራ አለ» ብለሽ እንዳትደውዪልኝ፤ አንዷ ደውላልኛለች።

ሥራው ሲጀመር ብሬከሩን ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ቴስተሩን መጀመሪያ ኤሌክትሪክ እንዳለው በምታውቂው ሶኬት ፈትሺው፣ ከዚያ የማብሪያ ማጥፊያውን ሳጥን ሽቦዎች አንድ በአንድ እዪበት፤ በአንድ ሳጥን ያሉ ሁለት ማብሪያዎች ከሁለት ብሬከር ሊመጡ ይችላሉ። ቤትሽ በፈረንጆቹ 1960ዎቹ መጨረሻ የተሠራ ነው ብለሽኛል። በዚያ ዘመን በአንዳንድ ቤት አሉሚኒየም ሽቦ ይገባ ነበር። ሳጥኑን ስትከፍቺ ሽቦው የመዳብ ቀይ ሳይሆን ብርማ ከሆነ ምንም ሳትነኪ መልሰሽ ዝጊው፣ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይምጣ። እኔም አልነካውም።

ቅዳሜ ከሰዓት ብቅ እላለሁ። ቴስተርና ካቻቪቴ ይዤ እመጣለሁ፤ መሰላሉን አንቺ ከጎረቤት ተዋሺ፣ የእኔው ተሰብሯል።