ሐሳባቸው ትክክል አልነበረም

 

ዛሬ ከራሴ ጥፋት ልጀምር። ከረመዳን በፊት የመስጂዳችንን የዉዱእ ቦታ ለማሳደስ ከመግሪብ እስከ ዒሻ ስብሰባ ተቀምጠን ነበር። ፊት ለፊት ሁለት መሐንዲሶች፣ አንድ ነጋዴ፣ ኢማሙና እኔ ነን። ከኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ ለዓመታት ጫማችንን የሚጠብቁልንና ግቢውን የሚጠርጉት አባት እጃቸውን አወጡ። ቧንቧው በቂብላው ግድግዳ በኩል ቢሆን ይሻላል አሉ። አንደኛው መሐንዲስ ፈገግ አለ። እኔ ደግሞ «አባባ፣ ይህን ለባለሙያዎቹ እንተውላቸው» ብዬ ወደ ሌላ ጉዳይ አለፍኩ። አነጋገሬ ጨዋ ነበር፤ ሌላው ቀርቶ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ነው የተናገርኩት። ከዚያ ወዲህ ሦስት ስብሰባ አድርገናል፤ አንዱንም አልመጡም። ጫማውን ይጠብቃሉ፣ ሰላምታ ይመልሳሉ፣ ሲጠሩ «እናንተ ተማከሩ» ብለው ይቀመጣሉ።

እንዲህ ያለ ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ሽማግሌው ትክክል ሆነው ይገኛሉ፤ የተማረው ያፍራል። እዚህ እንደዚያ አልሆነም። በዚያ በኩል የፍሳሽ መውጫ የለም፤ መሐንዲሱ ልክ ነበር። ነገሩ እንቅልፍ የነሳኝም ለዚሁ ነው። ልክ ቢሆኑ ኖሮ ይቅርታ ጠይቄ እገላገል ነበር። ያልተሳሳተ ሰው መስማት ምን ይከብዳል?

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ በፖለቲካ ሳይንስ ትምህርት የሁለት አሜሪካውያን ምሁራንን ክርክር ተምረን ነበር። ራይት ሚልስ በ1956 ባሳተመው መጽሐፍ የአገሪቱን ትልልቅ ውሳኔዎች የሚወስኑት የኩባንያ፣ የጦርና የመንግሥት አናት ላይ ያሉ ጥቂት ልሂቃን ናቸው አለ። ሮበርት ዳል ደግሞ ኒው ሄቨን የምትባለውን ከተማ አጥንቶ በ1961 መለሰ፦ በትምህርት ጉዳይ አንዱ ወገን፣ በከተማ ማደስ ሌላው ወገን ይሰማል፤ ሁሉን የያዘ አንድ ቡድን የለም። በዓመቱ ባክራክና ባራትዝ የተባሉ ሁለት ሰዎች መጥተው ሁለቱም ያለፉትን ነገር አነሱ። ሥልጣን ማለት ስብሰባ ላይ ማሸነፍ ብቻ አይደለም፤ የትኛው ጉዳይ ስብሰባ ላይ እንደማይነሳ መወሰንም ሥልጣን ነው። ይህን ለፈተና ሸምድጄ ጥሩ ውጤት አግኝቼበታለሁ። «አባባ» ያልኩ ቀን ግን ትዝ አላለኝም።

ሱረቱ ዐበሰ የወረደችበትን ምክንያት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከቁረይሽ ሹማምንት ጋር ተቀምጠው ነበር። እነዚያ ቢሰልሙ ስንት ሰው ይከተላቸው እንደነበር አስቡት፤ ዓላማው ኸይር ነው። በመሃል ዐይነ ስውሩ ዐብደላህ ኢብኑ ኡሚ መክቱም (ረ.ዐ) ሊማሩ መጡና ረሱል ፊታቸውን አኮሰተሩ። ወቀሳው ከሰማይ መጣ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፦ ኢብኑ ኡሚ መክቱም ሹማምንቱ የሌላቸውን ብልህ ሐሳብ ይዘው አልመጡም። የመጡት ሊጠይቁ ነው። መብታቸው ከሚያስገኙት ጥቅም ጋር አልተያያዘም። በኋላ መዲና ላይ ከቢላል ጋር ሙአዚን ሆኑ፤ ረሱል ወደ ዘመቻ ሲወጡም ከተማዪቱን በእርሳቸው እጅ ትተው የሄዱበት ጊዜ ነበር።

ከዚህም የሚከብደው የኡሑድ ነገር ነው። በ3ኛው ዓመተ ሂጅራ ቁረይሾች 3000 ያህል ሆነው ሲመጡ የረሱል ዝንባሌ መዲና ውስጥ ሆኖ መከላከል ነበር። በድር ያመለጣቸው ወጣቶች ግን እንውጣ አሉ፤ ብዙው ሰውም ከእነርሱ ጋር ሆነ። ረሱል ጥሩራቸውን ለበሱ፣ ወጡ። 70 ያህል ሰሐባ ሸሂድ ሆነ፤ ሐምዛም (ረ.ዐ) ከእነርሱ አንዱ ናቸው። ሽንፈቱን በቅርብ ያመጣው የቀስተኞቹ ከኮረብታው መውረድ መሆኑ እውነት ነው፤ ቢሆንም ማንም ሰው «ቀድሞ ባትሰሟቸው ኖሮ» ለማለት ምክንያት ነበረው። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ጦርነት በወረደው የአል ዒምራን ክፍል ውስጥ አላህ ነቢዩን ይቅር እንዲሏቸው፣ ምሕረት እንዲለምኑላቸው፣ በጉዳዩም እንዲያማክሯቸው አዘዘ። አማክሩ የተባለው ገና ቁስሉ ሳይደርቅ ነው፤ ወሕይ የሚወርድላቸው ነቢይ ናቸው የታዘዙት። እኔ ታዲያ ማን ነኝና ነው «ለባለሙያ እንተወው» የምለው?

አንዳንዱ ወንድም «እና ዲኑም በእጅ ብልጫ ይወሰን?» ይለኛል። አይወሰንም። የውርስ ድርሻ በድምፅ አይከፋፈልም፤ ተጅዊድ ያልተማረ ሰው ተጅዊድ አያስተምርም። ዒልም ደረጃ አለው፤ እኔም በሐሪማው ሸሆቼ እግር ሥር የተቀመጥኩት ደረጃ ስላለው ነው። ነገር ግን ዒልም በየፈርጁ ነው። ረሱል በመዲና ተምር የሚያዳቅሉትን ሰዎች አይተው የሚጠቅም አይመስለኝም ቢሏቸው ተዉት፤ ምርቱ ቀነሰ። ያኔ በዱንያ ጉዳያችሁ እናንተ ታውቃላችሁ አሏቸው። በአንዱ ነገር ዐዋቂ መሆን በሁሉም ዐዋቂ አያደርግም። የኛ ችግር ማይክራፎን የያዘ ሁሉ ስለ ቧንቧውም፣ ስለ ምርጫውም፣ ስለ ሰው ትዳርም ሊቅ መሆኑ ነው። (ራሴንም ጨምሬ ነው።)

ዐዋቂ ነኝ ባይነት ሰይፍ ሲይዝ ምን እንደሚሆን ከኸሊፋው አል መእሙን እንማር። የግሪክን ጥበብ ያስተረጎመ፣ መጽሐፍ ወዳድ ሰው ነበር። በ218 ዓመተ ሂጅራ (833 እ.ኤ.አ.) ለባግዳዱ ሹሙ የላከው ደብዳቤ በጦበሪ ታሪክ ውስጥ ይገኛል፤ ተራውን ሕዝብ ማስተዋል የሌለው፣ ማስረጃ የማይገባው አድርጎ ይገልጸዋል። ቁርኣን ፍጡር ነው የሚለውን አቋም ዓሊሞች በምርመራ እንዲቀበሉ አስገደደ። ኢማም አሕመድ እምቢ አሉ፤ በወንድሙ በሙዕተሲም ዘመን ተገረፉ። ግን ወደዚያኛው ወገንም ልዙር፤ የኢማም አሕመድ ተከታይ ነን የሚሉ ሰዎች በኋላ በባግዳድ ያንኑ ጦበሪን በእርጅናው ዘመን እንዳሳደዱት ተዘግቧል። ስለዚህ ብዝኃነት ስል ብዙው ሰው ጥቂቱን ይርገጥ ማለቴ አይደለም። ረጋጩ አንድም ይሁን ሺህ፣ ለተረገጠው ያው ነው።

ኢማም ማሊክ፣ ኸሊፋው ሙወጦእን በግዛቱ ሁሉ ላድርገው ቢላቸው እንዳልፈቀዱ ይተረካል። ሰሐቦች በየአገሩ ተበትነዋል፣ ሰውም የደረሰውን ይዟል ነበር ምክንያታቸው። የገዛ መጽሐፋቸው ነበር እኮ! ስንቶቻችን ነን የራሳችንን ትምህርት ለሁሉ ግዴታ እናድርግልህ ተብለን እምቢ የምንለው? ወሎ ላይ ሐነፊውና ሻፊዒው ደረሳ አብሮ ሲቀራ ያደግን ሰዎች ነገሩ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም ነበር። የዚያው አገር ሸሆችም ዐረብኛ ለማያነበው ሰው በአማርኛ መንዙማ ዲኑን አድርሰውለታል፤ ይህን ሰው አይገባውም ብለው አልተዉትም።

ባለፈው ሰኞ ከዙህር በኋላ ጫማ መደርደሪያው ዘንድ ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። አውፍ በሉኝ አልኳቸው። «ኧረ ልጄ፣ ምን አደረግክ?» አሉ፤ ረስተው እንዳልሆነ ግን ዐይናቸው ይናገራል። ስለ ቧንቧው ለምን እዚያ መሆን እንደሌለበት ነገርኳቸው፤ አዳመጡ፣ አልተስማሙም። አሁንም የቂብላው ግድግዳ ይሻላል ባይ ናቸው። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «ምንጣፉንስ መቼ ነው የምትነጋገሩት?» ብለው ጠየቁኝ። ነገ ከዐስር በኋላ ነው። ስለ ምንጣፉም ሐሳብ አላቸው፤ ነጋዴው እንደማይወደው ከወዲሁ አውቃለሁ።