«ሬስት» የምትለው ቃል

«ጋሼ፣ "ሬስት" ማለት ቀሪው ማለት አይደል?» አለኝ የጎረቤቴ ልጅ። ለዩኒቨርሲቲ ማካካሻ ትምህርት (ሪሚዲያል) ተመድቦ ሊሄድ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ገንዳ ውሃ ከተማ ውስጥ መብራት በጠፋበት ምሽት፣ በስልኬ ብርሃን የፊዚክስ ጥያቄ እየሠራን ነበር። ጥያቄው መኪናዋን «አት ሬስት» ይላታል፤ እሱ «የቀረችው መኪና» ብሎ ተረድቷት የሄዱትን ይፈልጋል። መጽሐፉን አጠፍኩና በአማርኛ ጠየቅሁት፦ «ቆማ የነበረች ባጃጅ ተነሥታ ፍጥነቷ በየሰከንዱ 2 ሜትር በሰከንድ ቢጨምር፣ በ5ኛው ሰከንድ ላይ ስንት ይደርሳል?» ብዕሩን ሳያነሣ «ዐሥር» አለኝ።

ታዲያ ይህ ልጅ ፊዚክስ ያውቃል ወይስ አያውቅም?

እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ተምሮታል፤ ከዘጠነኛ ጀምሮ ደግሞ ሌላውንም ትምህርት የተማረው በእንግሊዝኛ ነው። ውጤት መግለጫው ላይ እንግሊዝኛ እንደ አንድ ትምህርት ይጻፋል እንጂ በፊዚክሱም፣ በባዮሎጂውም፣ በጂኦግራፊውም በር ላይ የቆመው እሱ ነው። በእሱ የደከመ ልጅ በሁሉም ይቀጣል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ ሁላችንም ደነገጥን፤ ሪሚዲያልም የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። ተማሪው አላጠናም ተባለ፣ ኩረጃ ስለቀረ ነው ተባለ። ሁሉም እውነት አለበት። ግን ከወደቁት ስንቱ ትምህርቱን ባለማወቅ፣ ስንቱስ ጥያቄውን ባለመረዳት ወደቀ? ቁጥሩ ይህን አይለይም፤ ሁለቱ ደግሞ አንድ ዓይነት በሽታ አይደሉም፣ መድኃኒታቸውም ይለያያል።

«ዩኒቨርሲቲ ያለው መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ነው፤ በአማርኛ ዐሥር ያለ ልጅ ነገ ምን ሊያነብ ነው?» የሚለኝ ሰው ትክክል ነው። ኦሮምኛ ወይም ሶማሊኛ አፉን የፈታበት ልጅም አለ፤ ለእሱ የእኔ አማርኛ መፍትሔ አይሆነውም። ስለዚህ በሩ ይፍረስ አልልም፤ ጥያቄዬ ልጁ ቋንቋውን እንዴት ይልመደው ነው።

ይኸው ልጅ በሰሊጥ ወቅት መተማ ዮሐንስ ይወርዳል። ከሱዳኗ ገላባት ከሚሻገሩ ነጋዴዎች ጋር «ቢካም?» ብሎ ዋጋ ጠይቆ፣ ተከራክሮ፣ አስቆ ይመለሳል። ዐረብኛን ማንም አላስተማረውም። ይህን አይቼ ለረጅም ጊዜ «ቋንቋ የሚለመደው ሲቸግር ነው፤ ሰዋስው ከንቱ ልፋት ነው» እያልኩ ስከራከር ኖሬአለሁ። አንድ ቀን ግን ከሱዳን በመጣ የብስኩት ካርቶን ላይ ያለውን ጽሑፍ እንዲያነብልኝ ሰጠሁት። አገላብጦ መለሰልኝ። አንዲት ፊደል አልለየም። የገበያ ቋንቋ መጽሐፍ አያስነብብም፤ ለካ ግማሹን ብቻ ነበር ያየሁት።

ዐረብኛው ላይ የሚያናግረው ሰው አለ፣ የሚያነበው ገጽ የለም። እንግሊዝኛው ላይ ገጹ አለ፣ የሚያናግረው የለም። ስለዚህ ሪሚዲያል ያንኑ የትምህርት ቤቱን የባዶ ቦታ ሙላ ጥያቄ ደግሞ የሚያስጠና ከሆነ የአራት ወር ድካም ነው የምለው። አንድ ገጽ ፊዚክስ በእንግሊዝኛ አንብቦ፣ የገባውን ለሌላ ሰው የሚያስረዳበት፣ ሲሳሳት የሚመልስለት ሰው ያለበት ሰዓት ያስፈልገዋል።

ደብተሩ ላይ «ሬስት፦ ቀሪ» ብሎ ጻፈ። ከሥሩ «ሬስት፦ ቆሞ ያለ» ጨመረ። ቀና ብሎ «ዕረፍትም ነው አይደል?» አለኝ። ነው አልኩት። ሦስተኛውን ጻፈና መጽሐፉን ከእጄ ወስዶ፣ ቀጣዩን ጥያቄ ድምፁን ከፍ አድርጎ በእንግሊዝኛ ያነብልኝ ጀመር።