ሁለት ስም ያለው እርሻ

በ2013 ዓ.ም. መኸር በገዳሪፍ፣ ዲሽ በተሰቀለበት የአማርኛ ተናጋሪ ቤት፣ በአንድ ምሽት ሁለት ዜና ይሰማ ነበር። የሱዳን ጦር አልፋሽጋ ገብቷል። በዐረብኛው መሬቱ «ተመለሰ»፣ በአማርኛው ደግሞ «ተወረረ»። መሬቱ ያው ነው፤ ሰሊጥና ማሽላ የሚበቅልበት ጥቁር አፈር።

ቴሌቪዥን አመለካከታችንን የሚለውጠው አሳምኖን ይመስለናል። እኔ ግን ይበልጥ በስም አወጣጡ ይመስለኛል። «ተመለሰ» የሚለውን ቃል የተቀበለ ሰው፣ ባለቤቱ ማን ነበር ብሎ ሳይጠይቅ መልሱን ተቀብሏል። «ተወረረ» ያለውም እንዲሁ። በሁለቱ ቃላት መካከል ግን ከመቶ ዓመት በላይ የዘለቀ ጉዳይ አለ፤ በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና እንግሊዝ የተፈራረሙት ውል፣ በማግስቱ ዓመት ሻለቃ ግዊን ያሰመረው መስመር፣ በ1964 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት የተለዋወጡት ደብዳቤ፣ የኢትዮጵያ ገበሬዎች እያረሱ እንዲቆዩ በ2000 ዓ.ም. የተደረሰበት መግባባት። ይህ ሁሉ በሁለት ደቂቃ ዜና አይነገርም፤ ስለዚህ አንዲት ቃል ታሪኩን ተክታ ትቆማለች።

አዲስ አበባ ወይም ካርቱም ተቀምጦ ዜናውን ለሰማ ሰው ይህ ቢሆን አይደንቅም፤ ከመስኮቱ ሌላ ምስክር አልነበረውም። (መስኮት የምለው የቴሌቪዥኑን ነው።) የድንበሩ ሰው ግን ዓይንም ነበረው። በአረምና በአጨዳ ወቅት መተማን ተሻግሮ በገዳሪፍ እርሻዎች የዋለ ሠራተኛ፣ ከሱዳናዊው ጋር ከአንድ ትሪ አሲዳ የበላ፣ ያን ሰው በስሙ ያውቀዋል። በዚያው ኅዳር ወር ከትግራይ ጦርነት የሸሹ ሰዎች በሐምዳይት በኩል ሱዳን ሲገቡ፣ የአካባቢው ሰው ምግቡን ሲያካፍላቸው ታይቷል። ታዲያ ይህን ያየ ሰው ማታ ስለ ጎረቤቱ በዜናው ቃል ቢናገር፣ ተታልሏል እንበል ወይስ ምስክርነቱን ትቷል? ያላየ ሰው ቢሳሳት ይቅርታ አለው። አይቶ የዘነጋው ግን የሚያመካኘው ጣቢያ ያለው አይመስለኝም።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ ጦርነት ፈነዳ። በጋላባት በኩል ድንበሩን ተሻግረው መተማ ከገቡት ስደተኞች መካከል አሁን ሱዳናውያን ነበሩ። ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት «ወራሪ» የሚለውን ቃል ከዜና ተምሮ ሲደጋግም የነበረ የመተማ ሰው፣ አንዲት እናት ልጇን አዝላ በፊቱ ስታልፍ፣ ያን ቃል ምን አደረገው?