የቆላ ድባው እህል ነጋዴ

በቆላ ድባ አንድ የእህል ነጋዴ ነበር አሉ። ጤፍ፣ ሽምብራ፣ ጓያ፣ ማሽላ፣ ኑግ፣ የደምቢያ መሬት የሚያበቅለውን ሁሉ ይገዛል፤ ሳይነፋ ግን አይገዛም። ለየእህሉ የራሱ ወንፊት አለው። ክፉ ልማዱ፣ ማታ ሱቁን ሲዘጋ ወንፊቶቹን ሁሉ ይፈታል፤ ጧት እንደገና ይሠራቸዋል፤ ሁሉም ሳያልቁ በሩን አይከፍትም። ቀዳዳው ደቃቅ የሆነው የጤፉ ወንፊት ብቻውን የጧቱን እኩሌታ ይበላል።

ከጎርጎራ መንገድ የመጡ ገበሬዎች ጆንያቸው ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ነጋዴው ማጉረምረማቸውን ቢሰማ ጉልበተኛ ነፊ ቀጠረ። ለውጥ የለም፤ መንፋቱማ ድሮም ፈጣን ነበር።

«አያ» አለች አንዲት ሴት በበሩ ስንጥቅ፣ «እኔ ያመጣሁት ሽምብራ ነው። የጤፉ ወንፊት ምኔ ነው?»

«ጤፍ ቢመጣስ፣ እታለም?»

«ሲመጣ ይሠሩታላ! አንዴ ከሠሩት ደግሞ እስኪዘጉ አይፍቱት።»

እሺ አለ። በማግስቱ በሩ በጊዜ ተከፈተ። ጤፍ የጫነው ሰው ግን እኩለ ቀን ላይ ደርሶ ወንፊቱ እስኪሠራ ቆሞ ጠበቀ። ሌላ ቀን ደግሞ የኑጉ ወንፊት ክር በስብሶ ኖሮ፣ ነጋዴው ያወቀው ገበያው ከደራ በኋላ ነው። በድሮው ልማዱ ቢሆን ጧት ባወቀው ነበር።

በፕሮግራም ዓለም ወንፊቱ ሬጉላር ኤክስፕሬሽን ነው፤ ከጽሑፍ ውስጥ የሚፈለገውን የሚለይ ንድፍ። ንድፉ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ኮምፓይል መደረግ አለበት፤ ወንፊቱን መሥራት ማለት ይህ ነው። በፓይተን ቋንቋ የሚያዛምደው ክፍል በሲ ስለተጻፈ ይፈጥናል፤ ኮምፓይል የሚያደርገው ግን በአብዛኛው በፓይተን በራሱ ስለተጻፈ ያዘግማል። ሀን፣ ሐንና ኀን ወደ አንድ የሚያመጣ፣ ረጅም የቃላት ዝርዝርም የያዘ የአማርኛ ማረሚያ ፕሮግራም ንድፎቹን ሁሉ በፋይሉ አናት ላይ ኮምፓይል ካደረገ፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር ሊያርም የጠራው ሰው ሁሉንም ይጠብቃል። ፕሮግራሙ ሲዘጋ ሥራው ይጠፋል። ጊዜው የት እንደገባ ለማየት ፓይተን ከ3.7 ጀምሮ የእያንዳንዱን ኢምፖርት ጊዜ የሚያሳይ አማራጭ አለው። (ብዙ ሰው ግን ይህን ሳያይ ጉልበተኛ ነፊ ይቀጥራል።)

የሴትዮዋ ምክር፣ ንድፉን መጀመሪያ በተፈለገበት ሰዓት ኮምፓይል አድርጎ ማቆየት ነው፤ የረስት ቋንቋ ለዚህ የሚሆን መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2024 በመደበኛ ላይብረሪው ውስጥ አካትቷል። የበሰበሰው ክር ግን ቀልድ አይደለም፤ የተሳሳተ ንድፍ ተጠቃሚው ፊት ይፈነዳል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ከመውጣቱ በፊት ንድፎቹን ሁሉ ኮምፓይል የሚያደርግ አንድ ቴስት መጻፍ ይሻላል። አንዴ ተነሥቶ ለሳምንታት ለማይዘጋ ሰርቨር ደግሞ የነጋዴው የድሮ ልማድ ምንም አይከፋም፤ ሲነሣ ሁለት ሰከንድ ቢዘገይ ማን ይቆጥርበታል?