ቀኑን ሳትቆጥር ዓመቱን አትግዛ

ልጆቼ፣ ባለፈው ሰሞን አሜሪካ ያለችው የእህቴ ልጅ ደወለችልኝ። ሰላምታው አልቆ፣ የዝናቡንና የከብቱን ነገር ጠይቃ ስታበቃ ወደ ጉዳይዋ ገባች። «አጎቴ፣ ልጆቹን ፍሎሪዳ ያለውን የዲዝኒ መዝናኛ ላሳያቸው ነው። የአራት ቀን ትኬት ልግዛ ወይስ የዓመቱን ፈቃድ?»

ሳቅሁባት። ከሚሴ ተቀምጦ ቦርከናን የሚያይ ሽማግሌ ስለ ዲዝኒ ምን ያውቃል? ነገሩን ስታስረዳኝ ግን ጥያቄው የማውቀው ሆኖ አገኘሁት። በቀን ልክፈል ወይስ በዓመት የሚለው ጥያቄ እናንተም በየጠዋቱ ስልካችሁን ከፍታችሁ የምትጠይቁት ነው። ስለዚህ ለእሷ የነገርኳትን ለእናንተም ልንገራችሁ፤ መጨረሻው ላይ ግን ለእሷ ያልነገርኳት አለ።

በመጀመሪያ «በዓመት ስንት ጊዜ ትሄጃለሽ?» አልኳት። «ከቻልኩ ሦስት ጊዜ» አለች። «‹ከቻልኩ› የምትይውን አውጪና ቁጠሪ» ስላት ዝም አለች። ቤቷ ቨርጂኒያ ነው፤ ወደ ፍሎሪዳ የምትሄደው በአውሮፕላን ነው። ሥራ አላት፤ ልጆቹ ትምህርት አላቸው። ስትቆጥረው አንድ ጉዞ ብቻ ቀረላት። ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው፤ ምኞቱን እንደ ቀን ይቆጥራል። ቀን ማለት የመጓጓዣው፣ የማደሪያውና የምግቡ ወጪ፣ የሥራውም ፈቃድ ተገኝቶለት የሚሄዱበት ነው። ትኬቱ ከጉዞው ወጪ አንዱ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ሂሳቡ ነው። የዓመቱን ዋጋ በቀኑ ዋጋ አካፍሉት፤ የሚወጣው ቁጥር ዓመቱ የሚያዋጣበት የቀን ብዛት ነው። ግን የትኛው የቀን ዋጋ? በፈረንጆቹ ከ1971 ጀምሮ የሚሠራው የፍሎሪዳው ዋልት ዲዝኒ ወርልድ አራት ትልልቅ መናፈሻዎች አሉት፤ የብዙ ቀን ትኬት ስትገዙ ቀን በጨመረ ቁጥር የአንዱ ቀን ዋጋ ይወርዳል። ዓመቱን ከአንድ ቀን ትኬት ጋር ካስተያያችሁት ርካሽ ይመስላል፤ ከአራት ቀኑ ጋር ስታስተያዩት መልኩ ይለወጣል። እንበል የዓመቱ 1,000፣ የአንድ ቀኑ ትኬት 150፣ የአራት ቀኑ ደግሞ በቀን 100 ቢሆን፣ በመጀመሪያው ሂሳብ በሰባት ቀን ያዋጣችኋል፤ በሁለተኛው አሥር ቀን ያስፈልጋችኋል። ነጋዴ የሚያሳያችሁ የሚመቸውን ሂሳብ ነው፤ የሚመቻችሁን ራሳችሁ ሥሩ።

ሦስተኛው፣ ዓመቱ ከመቼ ጀምሮ እንደሚቆጠርና የማይሠራበት ቀን እንዳለው መጠየቅ ነው። ከእነዚያ የዓመት ፈቃዶች ርካሾቹ ሰው በሚበዛበት የበዓል ሰሞን አያስገቡም። ልጆች ትምህርት የሚዘጉት ደግሞ በዚያው ሰሞን ነው! ለዓመቱም ግን እውነቱን እንመስክርለት። የቀን ትኬት የያዘ ሰው «ከፍዬበታለሁ» እያለ ልጆቹን ከጠዋት እስከ ማታ ያንከራትታል። የዓመት ፈቃድ ያለው ግማሽ ቀን አይቶ ቢመለስ አይቆጨውም። በቅርብ ለሚኖር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በበጋ ወደ ጨፋ ሸለቆ ከብት የሚያወርዱትን አይታችኋል፤ አፋሩም ኦሮሞውም አርጎባውም ይመጣል። አፋሮች ከብቱን ከመንዳታቸው በፊት ሰው ልከው ግጦሹን ያስቃኛሉ፤ ኤዶ ይሉታል። ሣሩ ምን ያህል ነው፣ ስንት ቀን ያቆያል፣ ማን ቀድሞ ገብቷል ብሎ ሳይጠይቅ ከብቱን የሚነዳ የለም። እናንተ ግን ገንዘባችሁን ስትነዱ ኤዶ አትልኩም።

አንድ የሰፈራችን ጎረምሳ ባቲ ላይ ሱቅ በዓመት ልከራይ ብሎ ምክር ጠየቀኝ። «መቼ መቼ ትነግዳለህ?» አልኩት። «ሰኞ ነዋ!» አለ። እውነቱን ነው፣ የባቲ ገበያ ሰኞ ነው። በዓመት 52 ሰኞ አለ፤ እሱ የ365 ቀን ኪራይ ሊከፍል ነበር። እሑድ ሰንበቴ ገበያ፣ ሰኞ ባቲ እየዞረ ዕቃውን ቢያወርድ እንደሚሻለው ራሱ ደረሰበት።

የስልኩ ጥቅል ግን ተቃራኒው ነው። ብዙዎቻችሁ ጠዋት ጠዋት የቀን ጥቅል ትገዛላችሁ፤ ትንሽ ስለሆነ አይታወቃችሁም። እንበል የቀኑ 10 ብር፣ የወሩ 200 ብር ቢሆን፣ ከ20 ቀን በላይ የሚገዛ ሰው በየወሩ ይከስራል። በዚያ ላይ ሌሊቱ ሲቃረብ «ጊዜው ሊያልፍብኝ ነው» ብላችሁ የማትፈልጉትን ቪዲዮ ስታዩ ታመሻላችሁ። በየቀኑ እንደምትጠቀሙ ካወቃችሁ ረጅሙን ግዙ። ለአንድ ቀን ጉዳይ ከሆነ የቀኑ ይበቃል። አዲስ አበባ ስትሄዱም እንዲሁ ነው፤ በ2012 ዓ.ም. የተከፈተውን አንድነት ፓርክ አንድ ቀን አይቶ ለሚመለስ የከሚሴ ሰው የዕለቱ መግቢያ በቂው ነው።

ለእህቴ ልጅ ያልነገርኳት ይኸውላችሁ። እስካሁን ያልኩት ሁሉ ራሳችን መርጠን ለምንሄድበት ነገር ነው። ሳንመርጠው ለሚመጣብን ነገር ይህ ሂሳብ አይሠራም። ቅሬ፣ ማለትም እድር፣ የምትከፍሉት በዓመት ስንት ሰው ይሞትብናል ብላችሁ ቆጥራችሁ ነው? አይደለም። ሞት ቀን ስለማይነግራችሁ ነው። ቅሬ ከፍሎ ዓመቱን ሙሉ ሬሳ ያልወጣበት ቤት «ከሰርኩ» አይልም፤ አልሐምዱሊላህ ይላል።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅንም የቅሬ ወንድም ነው። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች 13 ወረዳዎች ላይ ሲሞከር፣ አንዱ ጎረቤታችን የደቡብ ወሎው ተሁለደሬ ነበር። ገበሬውና የግሉን ሥራ የሚሠራው ሰው በዓመት አንድ ጊዜ ይከፍላል፤ ቤተሰቡ ሲታመም ደብተሩን ይዞ ይታከማል። እኔ አንድ ዓመት «ባለፈው ዓመት ማንም አልታመመ፣ ገንዘቤ በከንቱ ሄደ» ብዬ ሳላሳድስ ቀረሁ። በዚያው ክረምት ልጄን ትርፍ አንጀት ያዘው። ለቀዶ ሕክምናው ተበደርኩ፣ ብድሩን ለመክፈል ጊደሬን በጥድፊያ በርካሽ ሸጥኩ። የዲዝኒን ሂሳብ በበሽታ ላይ መሥራቴ ነበር ስህተቱ።

እዚህም ቢሆን ደንቡን ጠይቁ። ሕክምናው የሚጀምረው ከጤና ጣቢያ ነው፤ ወደ ሆስፒታል የምትሄዱት ሪፈር ተጽፎላችሁ ነው። መነጽርና ሰው ሠራሽ ጥርስ የመሳሰሉት አይካተቱም። 18 ዓመት የሞላችሁ ደግሞ በአባታችሁ ደብተር አለሁ ብላችሁ አትዘናጉ፤ ለእናንተ ተጨማሪ ክፍያ ስላለ ቀበሌያችሁን ጠይቁ።

የእህቴ ልጅ የአራት ቀኑን ገዛች፤ ልጆቿም ጠግበው ተመለሱ። እናንተም ለመዝናኛው፣ ለስልኩና ለሱቁ ቀን ቆጥራችሁ ክፈሉ። የጤና መድኅኑን ግን ቀን አትቁጠሩበት፤ ምዝገባው ሳይዘጋ ደብተራችሁን አሳድሱ።