ቃሉ የራቀ ዘፈን

ለመሆኑ ቃሉ የደበዘዘ ዘፈን ያው ዘፈን ነውን? የቻግኒ ተወላጅ የሆነችው እጅጋየሁ ሽባባው (ጂጂ) እ.ኤ.አ. በ2001 በስሟ የሚጠራውን አልበም አወጣች። ፕሮዲዩሰሩ ቢል ላስዌል በ2003 እነዚያኑ ዘፈኖች «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ» ብሎ እንደገና ሠራቸው፤ ግጥሙ ተቆራርጦ በማሚቶ ውስጥ ሰጠመ። ስሰማው ዘፋኟ አፏን የተያዘች መሰለኝ።

በኋላ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስጓዝ መኪናችን ቆመ። ከሩቅ አውድማ እህል የሚያበራዩ ሰዎች ዜማ በነፋስ መጣ። ቃሉ አልደረሰኝም፤ ዜማው ግን ጣፈጠኝ። ምን እንደሚሉ ልስማ ብዬ አልወረድኩም።

ያን ጊዜ በላስዌል መፍረዴን ተውኩ። ቃልን የሚያርቀው ነፋሱ ወይም መሣሪያው ብቻ አይደለም፤ ለመቅረብ የሚሰንፍ ሰሚም ነው። ማሚቶው ደስ ካሰኘን፣ ዘፋኟ ምን እንዳለች ለመስማት ወደ ፊተኛው አልበም መመለስ ዕዳችን ነው እላለሁ።