ትጋታችን ልክ ይኑረው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ስለ ስንፍና ክፉነት ከቤትም፣ ከትምህርት ቤትም፣ ከዐውደ ምሕረትም ብዙ ሰምተናል። ልክ ስላጣ ትጋት ግን የሚነግረን ጥቂት ነው። ሰነፍ ራሱን እንደሚጎዳ ሁሉ፣ «ከሁሉ በላይ ካልሆንሁ» ብሎ ያለ ዕረፍት የሚሮጥም ራሱን ይጎዳል። የሰነፍን ጉዳት ሁሉም ያየዋል። የዚህኛውን ግን ሰው ስለሚያመሰግነው ቶሎ አያየውም።

እስቲ በመካከላችን ያለውን እንመልከት። ለ12ኛ ክፍል ፈተና የሚዘጋጅ አንድ ጊኒሬ ተማሪ እናስብ። ሌሊቱን በመብራት፣ መብራት ሲጠፋም በሻማ ያነጋል። እንቅልፉን በቡና ያባርራል። ቅዳሜንና እሑድን ለማጠናከሪያ ትምህርት ስለሚሰጥ የመዝሙር ጥናት ይቀራል፣ ቅዳሴ ይቀራል፣ የታመመ ጎረቤት መጠየቅም ይቀራል። ለሁሉም መልሱ «ከፈተና በኋላ» ነው። እናቱም በቡና ላይ «ልጄ እንቅልፍ የሚባል አያውቅም» እያለች ትመካበታለች። ይህን ሰምቶ «ተው፣ ተኛ» የሚለው ሰው የለም።

ፈተናውስ እንዴት ነው? የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ውጤት በ2015 ዓ.ም. ሲገለጥ፣ ግማሽና ከግማሽ በላይ ነጥብ ያገኙት ከተፈተኑት መካከል 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ የ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆነ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉም በተማሪው ላይ የሚጫን አይደለም። ጥያቄያችን ግን ሌላ ነው። ነፍሱን ሁሉ በዚያ ውጤት ላይ ያኖረ ወጣት ውጤቱ ሲወድቅ በምን ይቆማል? ከጓደኞቹ የሚሸሽ አለ። ቤተ ክርስቲያን ለመምጣት የሚያፍር አለ። ከዚያም አልፎ መኖርን እስከ መጥላት የሚደርስ አለ። ነገሩ የሕይወት ጉዳይ ነውና ዝም ልንለው አይገባንም።

እኛ የባሌ ልጆች ነንና ከስንዴ እንማር። በ2003 ዓ.ም. መኸር ቢጫ ዋግ «ኩብሳ» የተባለውን የስንዴ ዝርያ ክፉኛ መታው። ከዚያ በኋላ ገበሬው ቢጫ ዋግን የሚቋቋመውን «ዲገሉ» የተባለውን ዝርያ በሰፊው ዘራ። ዝርያው ጥሩ ነበረ። ነገር ግን በ2006 ዓ.ም. በባሌና በአርሲ አዲስ ዓይነት የግንድ ዋግ ተነሣ፤ ዲገሉም ሊቋቋመው አልቻለም፤ ብዙ ማሳ ከነተስፋው ጠፋ። ይህ የሆነው ዲገሉ ክፉ ዘር ስለ ነበረ አይደለም። ብዙ ማሳ በእርሱ ብቻ በመሸፈኑ አንድ በሽታ ሁሉንም አገኘው። ስለዚህ የግብርና ባለሙያዎች ዝርያው እንዲለያይ፣ ስንዴ በተዘራበት ማሳም ላይ በፈረቃ ባቄላና አተር እንዲዘራ ይመክራሉ፤ ስንዴ የወሰደውን ባቄላ ለመሬቱ ይመልስለታልና።

ትምህርትም እንዲሁ መልካም ዘር ነው። ሕይወታችንን በሙሉ በእርሱ ብቻ ከሸፈንነው ግን አንድ መጥፎ ቀን ሁሉን ያጠፋብናል። በሕይወቱ ማሳ ላይ ጸሎት፣ ወዳጅነት፣ የእጅ ሥራና ዕረፍት ያለው ወጣት ግን አንዱ ቢወድቅበት ሌላው ይመግበዋል።

መጽሐፍ ቅዱስም ይህን አልተወውም። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 18 ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ሲፈርድ አማቱ ዮቶር አየው። ሥራው ቅዱስ ሥራ ነበረ፤ ዮቶር ግን አላመሰገነውም። ይህ አካሄድ አንተንም ሕዝቡንም ያደክማል ብሎ የሺህ፣ የመቶ፣ የኀምሳና የዐሥር አለቆችን እንዲሾም መከረው። ከእግዚአብሔር ጋር የተነጋገረው ሙሴ የሰውን ምክር ለመስማት አልኮራም። በ1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 19ም ኤልያስ ደክሞት ሞቱን በለመነ ጊዜ መልአኩ ተግሣጽ ይዞ አልመጣም። እንጀራና ውኃ አቀረበለት፤ ነቢዩም በልቶ ተኛ፤ ዳግመኛም ተነሥቶ በላ። የሆሬብ መንገድ የተጀመረው ከእንቅልፍና ከምግብ በኋላ ነው።

በአገራችንም የዕረፍት ቀን በቀላሉ የተገኘ አይደለም። አባ ኤዎስጣቴዎስና ተከታዮቻቸው ቀዳሚት ሰንበት ከእሑድ ጋር እንድትከበር ብለው ስደትን ተቀብለዋል። በመጨረሻም በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1450፣ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተወሰነ። አባቶቻችን የተሰደዱላትን ቀን እኛ ማንም ሳያስገድደን እንጥላታለን።

ይህ ለሃይማኖት ሰው ብቻ የሚነገር አይደለም፤ ሯጮችም ያውቁታል። አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. በሮም፣ በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ማራቶንን አሸነፈ። በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ለሦስተኛ ጊዜ ሲሰለፍ እግሩ ታሞ ነበር፤ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦም አቋረጠ። በዚያ ቀን ወርቁን ያመጣው ጓደኛው ማሞ ወልዴ ነው። አበበ በማቋረጡ ክብሩ አልቀነሰም፤ አገሩም ድሉን አላጣችም። ሁሉን እኔ ብቻ ካልፈጸምሁ የሚል ወጣት ይህን ያስብ።

«ታዲያ እንስነፍ ማለት ነውን?» የሚል ይኖራል። አይደለም! ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 መክሊቱን የቀበረውን ሰነፍ ባሪያ ገሥጾታል። ነገር ግን ልብ እንበል፤ ለአንዱ አምስት፣ ለአንዱ ሁለት የተሰጠው ለእያንዳንዱ እንደ ዐቅሙ ነው። ሁለት ተቀብሎ ሁለት ያተረፈው፣ አምስት ካተረፈው ጋር አንድ ዓይነት ምስጋና ሰምቷል። «ስለ ምን አምስት አላመጣህም?» ያለው የለም። እኛ ግን በተሰጠን ሳይሆን በጎረቤት ልጅ መክሊት ራሳችንን እንለካለን።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፦

አንደኛ፤ ለጥናት ሰዓት እንደምንመድብ ለእንቅልፍም ሰዓት እንመድብ። የደከመ አእምሮ ሌሊቱን ያነበበውን ጠዋት አያገኘውም፤ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንዲሉ።

ሁለተኛ፤ ሰንበትን «ከፈተና በኋላ» አንበላት። ከዚህ ፈተና በኋላ ሌላ ፈተና አለ፤ ከዚያም ሥራ አለ፤ መጨረሻ የለውም።

ሦስተኛ፤ አንድ ወጣት መዝሙርም፣ ጽሕፈትም፣ ገንዘብ መያዝም፣ ሕፃናት ማስተማርም በአንድ ጫንቃ ቢሸከም «ትጉህ ነው» ብለን አንለፈው፤ እንደ ዮቶር ሸክሙን እንካፈለው።

አራተኛ፤ ውጤት ያልመጣለት ጓደኛችን ከጉባኤ ሲቀር ቤቱ ሄደን እንጥራው። ነጥቡን አንጠይቀው፤ እርሱን እንጠይቀው። ልቡ እጅግ የከበደበት እንደ ሆነም ብቻውን አንተወው፤ ለንስሐ አባቱም፣ ለሐኪምም እናድርሰው።

ወላጆቻችንም ይህችን ጽሑፍ ቢያነቡ ልጃቸውን ማታ «ምን ያህል አጠናህ?» ከማለታቸው በፊት «በላህ ወይ?» ይበሉት።

ትጋትን ከልክ ጋር፣ ሥራንም ከዕረፍት ጋር የሰጠን አምላክ ዐቅማችንን የምናውቅበት ልቡና ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።